ደጅ ጥናት በወረርሽኝ ዘመን

ቅጹ ባለ አንድ ገጽ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ታራሚ ከአስተዳደሩ አንድ ነገር ሲፈልግ የሚሞላው ተራ ወረቀት ሲሆን፣ እስረኞቹ «ኮፕ አውት» ይሉታል። ከላይ የሚጻፍለት ኃላፊ ስምና የሥራ ድርሻ፣ ቀን፣ የታራሚው ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የተመደበበት ሥራና የሚኖርበት ክፍል ይሞላል። ከሥር ጉዳዩ የሚብራራባቸው ባዶ መስመሮች አሉ፤ ጥያቄህን በዝርዝር ካላስረዳህ ምንም ላይደረግልህ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያም አብሮ ታትሟል። ሥራ ቀይሩልኝ የሚባለው በዚህ ወረቀት ነው። በ2020 የጸደይ ወራት (ከኢትዮጵያ ጉዳይ በቀር እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ወረቀት ሌላ ነገር ለመኑበት። ስኳር አለብኝ፣ ኩላሊቴ ደክሟል፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ኮሮና ክፍላችን ሳይገባ ቤቴ ልግባ አሉ።

«ማርሻል ፕሮጀክት» የተባለው በፍትሕ ጉዳዮች ላይ የሚሠራ የዜና ተቋም እንዳወጣው፣ ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ሦስት ወራት ብቻ 10,940 የፌዴራል ታራሚዎች በርኅራኄ እንዲለቀቁ አመልክተዋል። የማረሚያ ቤት ኃላፊዎች የደገፉት የ156ቱን ነው። ከቀሩት ውስጥ እምቢታ እንኳ ያልደረሳቸው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ የተባሉ ብዙዎች ነበሩ።

ዝምታው ግን በሕግ ፊት ዋጋ ነበረው። ኃላፊው ማመልከቻው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ እስረኛው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ አቤቱታውን ቅጣቱን ለወሰነበት ፍርድ ቤት በቀጥታ ማቅረብ ይችላል። አንድ ሰው በጽሑፍ ጠይቆ፣ ግልባጩን ይዞ፣ ቀን ቆጥሮ ችሎት ደጅ የሚደርስበት ይህ መንገድ ወረርሽኙ ሲመጣ ከተከፈተ ዓመት ከመንፈቅ አልሞላውም ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አመክሮን ያስብ ይሆናል። በእኛ አገር ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩ ከተመሰከረለት በአመክሮ ለመፈታት ተስፋ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ሥርዓት ግን አመክሮን በ1984 በወጣ ሕግ አስቀርቶታል። ከኖቬምበር 1987 ወዲህ ለተፈጸመ የፌዴራል ወንጀል 20 ዓመት የተፈረደበት ሰው አብዛኛውን ይታሰራል፤ መልካም ጠባይ የሚያስቀንስለት ቢበዛ በዓመት 54 ቀን ነው። የሕጉ አርቃቂዎች አንዲት ጠባብ በር ብቻ ተዉ። «ያልተለመደና አስገዳጅ ምክንያት» ያለው ሰው ቅጣቱ ሊቀነስለት ይችላል አሉ። የበሩን ቁልፍ የሰጡት ግን ለማረሚያ ቤቶች ቢሮ ዳይሬክተር ነበር። ዳይሬክተሩ ካላመለከተ ዳኛው ቢፈልግም ማየት አይችልም ነበር።

ቁልፉ በዳይሬክተሩ እጅ ሳለ ምን እንደተሠራበት የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሮታል። ከ2006 እስከ 2011 በዚህ መንገድ የተለቀቁት በአማካይ በዓመት 24 ሰዎች ናቸው። የማረሚያ ቤታቸው ኃላፊና የአካባቢው ዳይሬክተር ተስማምተውላቸው የዋናውን ዳይሬክተር ውሳኔ ይጠብቁ ከነበሩ 208 ሰዎች ውስጥ 28ቱ መልሱ ሳይመጣ ሞተዋል። ሪፖርቱን ሳነብ ከሁሉ የቆየብኝ ይህ ነው። ለሞት ለተቃረበ ሰው ተብሎ በተሠራ ሥርዓት ውስጥ ፊርማው ከሞቱ በኋላ ይደርስ ነበር።

ዲሴምበር 21 ቀን 2018 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የፈረሙት «ፈርስት ስቴፕ አክት» ብዙ ነገር የያዘ ሕግ ነው። የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ስለ ክራክ ኮኬይን ቅጣት በሚናገረው ክፍሉ ላይ ነበር። የርኅራኄው አንቀጽ መሻሻል ጥቂት መስመሮች ናቸው፦ እስረኛው ራሱ ማመልከት ይችላል፤ 30 ቀን ይጠብቃል። ከ15 ወር በኋላ ዓለም እንደሚዘጋና እነዚያ መስመሮች የብዙ ሺህ ሰው ተስፋ እንደሚሆኑ ያሰበ አልነበረም።

ሉዊዚያና ውስጥ ኦክዴል የሚባል የፌዴራል ማረሚያ ቤት አለ። በፌዴራል እስር ላይ ሳለ በኮሮና የሞተው የመጀመሪያው ሰው ማርች 28 ቀን 2020 ያረፈው ከዚያ ተወስዶ ነው። 49 ዓመቱ ነበር። ኮሌጅ አጠገብ ለሽያጭ የሚሆን ክራክ ኮኬይን ይዞ በመገኘቱ 27 ዓመት ተፈርዶበታል። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ቅጣቱ እንዲቀነስለት ለዳኛው ያቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆኖ ነበር። ጥያቄው ከበሽታ ጋር የተያያዘ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አሠራር ተለወጠ። የችሎት አዳራሾች ተዘጉ። ኮንግረስ ማርች 27 ያጸደቀው የወረርሽኝ ድጋፍ ሕግ ብዙ ዓይነት የወንጀል ችሎት በቪዲዮና በስልክ እንዲካሄድ ፈቀደ። ዳኛው ቤቱ፣ ዐቃቤ ሕጉ ቤቱ፣ ተከላካይ ጠበቃው ቤቱ ሆኖ በአንድ የስልክ መስመር ይገናኙ ጀመር። ከሣሎን ወንበር ላይ ሆኖ የሰው እስራት ማሳጠር፣ አለዚያም እንዲቀጥል ማዘዝ፣ በዚያ ጊዜ የዳኝነት መደበኛ ሥራ ሆነ። እስረኛው ራሱ ብዙ ጊዜ በመስመሩ ላይ አልነበረም። አብዛኛው አቤቱታ የተወሰነው ማንም ለማንም ሳይናገር፣ በወረቀት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ቀን ቆጠራ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል የገባቸው ጠበቆች 30 ቀን መጠበቅ ትርጉም የለውም ብለው ሞገቱ። ኒውዮርክ ላይ ዳኛ አናሊሳ ቶረስ ኤፕሪል 1 ቀን በአንድ ጉዳይ ተስማሙና ጥበቃውን አነሡ። በማግስቱ ፊላዴልፊያ የተሰየመው የሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተቃራኒውን አለ። አመልካቹ የ68 ዓመት ሰው ነበር፤ የፓርኪንሰን ሕመም፣ ስኳርና የልብ ችግር አለበት። የታሰረው ድምፅ በመግዛት ሴራ ሲሆን የተፈረደበት ሦስት ወር ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ቫይረሱ በኅብረተሰቡ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ሰውን ለማስለቀቅ አይበቃም፣ 30 ቀኑም መቆጠር አለበት ሲል ወሰነ። ሦስት ወር የታሰረ ሰው አንዱን ወር መልስ ሲጠብቅ እንዲያሳልፍ ማለት ነው! በጁን የስድስተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤትም ዐቃቤ ሕጉ በጥበቃው ጉዳይ ተቃውሞ ካነሣ ዳኛ ቀኑን ሊያሳጥር አይችልም አለ። የሕጉ ፊደል እንደዚያ እንደሚል አልክድም። ነገር ግን የተጻፈው ሰው በካንሰር ቀስ በቀስ የሚሞትበትን ጊዜ እያሰቡ ነው። ቫይረስ በአንድ ወር አንድ ሙሉ አዳራሽ ያዳርሳል።

ቀኑን የጨረሰ ሰው ዳኛው ፊት ሲደርስ ምን ይጠየቃል? መጀመሪያ ሕመሙ። የሕክምና ማስረጃው ከማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ይወጣል፤ የደም ግፊት ንባብ፣ የስኳር መጠን፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ክብደቱ። ዳኞች ሐኪም አይደሉምና የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ማን ለከባድ ሕመም ተጋላጭ እንደሆነ የሚያወጣውን ዝርዝር እንደ ሕግ መጽሐፍ ያገላብጡ ጀመር። ዝርዝሩ ደግሞ ይለዋወጣል። ጁን 25 ቀን ማእከሉ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለውን የክብደትና የቁመት ምጣኔ ከ40 ወደ 30 ዝቅ አደረገው። በዋዜማው አቤቱታው የማይረባ የነበረ ወፍራም ሰው በማግስቱ ጠንካራ ምክንያት ያለው ሆነ። አስም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ዕጣ «ለከባድ ሕመም ይጋለጣል» እና «ሊጋለጥ ይችላል» በሚሉ ሁለት መደቦች መካከል ተንጠለጠለ።

ቀጥሎ ወንጀሉ ይታያል። ዳኛው የጥፋቱን ክብደት፣ የቀረውን የእስራት ጊዜ፣ ለሕዝብ ደኅንነት የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን መመዘን አለበት። በርናርድ ማዶፍ እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በታሪክ ትልቁ ከሚባሉት የገንዘብ ማጭበርበሮች አንዱን ፈጽሞ በ2009 150 ዓመት የተፈረደበት ይህ ሰው፣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ እንደማይኖር ተነግሮት በፌብሩዋሪ 2020 አመለከተ። ዳኛ ዴኒ ቺን በጁን እምቢ አሉት። መታመሙ አላከራከረም፤ ጥፋቱ ከሕመሙ በልጦ ተገኘ። ማዶፍ በኤፕሪል 2021 በ82 ዓመቱ እስር ላይ ሞተ። ውሳኔው ልክ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ፤ እኔም ገንዘባቸውን የተበሉትን ጡረተኞች ሳስብ ለመቃወም አፌን አልከፍትም።

በመጨረሻ ማረፊያ ይጠየቃል። ወዴት ትሄዳለህ? እናትህ ቤት ክፍል አለ ወይ? ከማን ጋር ትኖራለህ? ለክትትል የተመደበው መኮንን ቤቱን ያጣራል። ተፈቅዶለትም ቢሆን ብዙዎች ከመውጣታቸው በፊት 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ውስጥ መቆየት ነበረባቸው። ብዙ ማረሚያ ቤቶች ደግሞ ለዚህ የተጠቀሙበት ለቅጣት የተሠራውን ለብቻ ማሰሪያ ክፍል ነው። ሊፈታ የተወሰነለት ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ሲቀጡት እንደሚገባበት ዓይነት ክፍል ውስጥ አሳለፈ።

ቁጥሮቹን ለዳኞች የቅጣት መመሪያ የሚያወጣው የፌዴራል የቅጣት አወሳሰን ኮሚሽን በ2022 አውጥቷቸዋል። በ2018 የበጀት ዓመት በርኅራኄ የተለቀቁት 24 ነበሩ። ሕጉ ሲሻሻል በ2019 ወደ 145 ከፍ አሉ። በ2020 የበጀት ዓመት ፍርድ ቤቶች 7,014 አቤቱታዎችን ወሰኑ፤ 1,805 ሰዎች ተፈቀደላቸው፣ 5,209 ተከለከሉ። ከተፈቀደላቸው ውስጥ 96 በመቶው ራሳቸው ያመለከቱ ናቸው። ሁሉም ነገር በዳይሬክተሩ ፊርማ ቢቀር ኖሮ የስንቱ ስም እዚህ ዝርዝር ላይ እንደማይገኝ አስቡት።

አማካዩ ግን ያታልላል። ሜይንን፣ ማሳቹሴትስንና አጎራባቾቻቸውን በሚያካትተው የመጀመሪያው ምድብ ከውሳኔዎቹ 47.5 በመቶው ፈቃድ ነበር። ቴክሳስን፣ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን በያዘው አምስተኛው ምድብ 13.7 በመቶ ብቻ። ጉዳዩ የሚታየው ደግሞ ሰውየው በታሰረበት ቦታ ሳይሆን በተፈረደበት ነው። ስለዚህ አንድ ማረሚያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይና ከታች የሚተኙ፣ አንድ አየር የሚተነፍሱ፣ አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ለቦስተን ዳኛ፣ ሌላው ለሂዩስተን ዳኛ ይጽፋሉ። የሚያገኙት መልስ እንደ ዳኛው ነው። መልሶቹን አንድ ሊያደርግ የሚችለው ኮሚሽን ራሱ ከ2019 መጀመሪያ እስከ 2022 ክረምት አባላቱ ጎድለው ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም። መመሪያው አሁንም «የማረሚያ ቤቶች ዳይሬክተር ሲያመለክት» የሚል አሮጌ ቃል ተሸክሞ ቆየ። በሴፕቴምበር 2020 የኒውዮርኩ ሁለተኛ ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በዳኛ ጊዶ ካላብሬዚ ብዕር ያ አሮጌ መመሪያ ራሳቸው በሚያመለክቱ እስረኞች ጉዳይ ዳኞችን አያስርም አለ። አብዛኞቹ ምድቦች ተከተሉት፤ በአትላንታ ያለው አሥራ አንደኛው ምድብ ግን ያስራል አለ።

ከዚህ ሁሉ የግለሰብ አቤቱታ ጎን አንድ ሌላ ሙከራ ነበር፤ የኦሃዮው ኤልክተን። ዝቅተኛ ጥበቃ ያለው ማረሚያ ቤት ነው። ዝቅተኛ ጥበቃ ማለት ታዲያ የብረት በር ያላቸው ክፍሎች የሉም ማለት ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ 150 ያህል ሰው ይኖራል፤ ለሁለት ወይም ለሦስት እየሆኑ በአጭር ግድግዳ በተከለሉ ቦታዎች ይተኛሉ፤ መታጠቢያውም፣ መጸዳጃውም፣ ስልኩም የጋራ ነው። በመደበኛ ጊዜ ከጠባብ ክፍል የሚሻል የነበረው ይህ አኗኗር በኮሮና ጊዜ ከሁሉ የከፋ ሆነ። በኤፕሪል መጀመሪያ የኦሃዮ ገዢ ለክሊኒኩ እርዳታ የብሔራዊ ዘብ አባላትን ላኩ። በዚያው ግዛት የክልሉ መንግሥት ማሪዮን በሚባለው ማረሚያ ቤቱ ሁሉንም ሰው ሲመረምር ከ1,800 በላይ ሰው ቫይረሱ ተገኝቶበታል። ኤልክተን ውስጥ ያን ያህል ምርመራ ስላልነበረ ያን ያህል ቁጥርም አልነበረም።

የኤልክተን እስረኞች አንድ በአንድ ከመለመን ይልቅ በአንድነት ከሰሱ። ዳኛ ጄምስ ግዊን ኤፕሪል 22 ቀን ማረሚያ ቤቱ አረጋውያንንና ሕሙማንን ለይቶ እንዲዘረዝር፣ ከዚያም በቁም እስር፣ በርኅራኄም ሆነ በዝውውር ከዚያ እንዲያወጣቸው አዘዙ። 837 ስሞች ያሉበት ዝርዝር ቀረበ። ከነዚህ ውስጥ አስተዳደሩ ለቁም እስር ይበቃሉ ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መንግሥት ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ጁን 4 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አገደ። ከአምስት ቀን በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ ማረሚያ ቤቱ ሙቀት ለክቷል፣ አጽድቷል፣ ጭምብል አድሏል፤ ስለዚህ ሆን ብሎ ችላ ብሏል አይባልም የሚል ነበር። ኤልክተን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል።

የዚያ ዓመት የፍርድ ቤት ታሪክ ዋና ስብራት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ማየት የሚችለው አንድን ሰው ነው፤ የእርሱን ሳንባ፣ የእርሱን ወንጀል፣ የእርሱን እናት ቤት። በሽታው የሚያየው አዳራሹን ነው። ከ150 ሰው አንዱን መርጦ ማውጣት ያንን ሰው ሊያድን ይችላል፤ የቀሩት 149 እርስ በርስ የሚኖራቸውን ርቀት ግን አያሰፋውም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ምሳሌ ከፈለግን ቤታችን አለ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አዳነች አቤቤ ከ4,000 በላይ ታራሚዎች እንደሚፈቱ አስታወቁ። ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ይቅርታውን ሰጡ። መስፈርቱ በጅምላ የወጣ ነው፦ በቀላል ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸው፣ ሊጨርሱ የተቃረቡ፣ ሕፃን ይዘው የታሰሩ እናቶች። ችሎት የለ፣ የሕክምና ማስረጃ የለ፣ 30 ቀን የለ። ፍጥነቱ ያስቀናል። ነገር ግን ይቅርታ ከላይ የሚወርድ ነው፤ ከመስፈርቱ የወጣ ስኳር በሽተኛ «እኔስ?» ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆምበት መንገድ አልነበረውም። ፍርድ ቤቶችም በዚያው ሰሞን በከፊል ተዘግተው ነበር። ፍርድ ያላገኙና በቀጠሮ የሚመላለሱ እስረኞችን ደግሞ ይቅርታ አይነካቸውም፤ ይቅርታ የሚደረገው ለተፈረደበት ነውና።

ወደ አሜሪካ ስመለስ፣ ጊዜው እየገፋ ሲሄድ አቤቱታዎቹ ራሳቸው በወረርሽኙ ተበሉ። መጀመሪያ ላይ ማረሚያ ቤታችሁ ውስጥ የተያዘ የለም፣ ፍርሃታችሁ ግምት ነው ተባሉ። በሽታው ገብቶ ሲይዛቸው ደግሞ፣ ይዞህ ድነሃል፣ ታዲያ ምን ያሰጋሃል የሚል መልስ ከብዙ ዳኞች መጣ። በ2021 ክትባት ሲደርስ የተከተበ ሰው ተጠብቋል ተባለ። ያልተከተበም አደጋውን ራሱ መርጧል ተባለ። በጁላይ 2021 የቺካጎው ሰባተኛ ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በዳኛ ፍራንክ ኢስተርብሩክ የተጻፈ ውሳኔ ክትባት ማግኘት ለሚችል አብዛኛው እስረኛ ኮሮና ከእንግዲህ ያልተለመደና አስገዳጅ ምክንያት አይሆንም ብሎ ደመደመ። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲነበብ አሳማኝ ነው። አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ሰውየው የሚያመለክትበት ትክክለኛ ቀን የትኛው እንደነበር መናገር ይቸግራል። በክልልና በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ከፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 2021 መጨረሻ ወደ 2,500 የሚጠጉ እስረኞች በኮሮና መሞታቸውን የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ መዝግቧል።

ሌላም በር ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ ጋር እየተምታታ ብዙ ቤተሰብ ግራ ያጋባ። የወረርሽኝ ድጋፍ ሕጉ የማረሚያ ቤቶች ቢሮ ሰዎችን ወደ ቁም እስር እንዲልክ ሰፊ ሥልጣን ሰጠው፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ ዊልያም ባር ኤፕሪል 3 ቀን ኦክዴልን፣ ዳንበሪንና ኤልክተንን በስም ጠቅሰው ይፋጠን አሉ። በዚህ በር ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ቢሮው እንጂ ዳኛ አይደለም። የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው ፖል ማናፎርት ከ7 ዓመት ተኩል ቅጣቱ ሁለት ዓመት ገደማ ታስሮ በሜይ 2020 ቤቱ የገባው በዚህ በኩል ነው። በዚያው ወር ስንቱ ድሃ ኮፕ አውቱን ሞልቶ መልስ ይጠብቅ እንደነበር ከላይ አይተናል።

የሁለቱ በሮች ልዩነት የታየው ዘግይቶ ነው። በፍርድ ቤት የወጣ ሰው ቅጣቱ ተቀንሶለታል፤ እስራቱ በሕግ አልቋል፤ የቀረበት ክትትል ብቻ ነው። ቁም እስር ላይ ያለው ግን ቤቱ ቢተኛም እስረኛ ነው። ጃንዋሪ 2021 ትራምፕ ሥልጣን ሊለቁ ቀናት ሲቀራቸው የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ቢሮ ወረርሽኙ አበቃ ሲባል ብዙዎቹ ወደ እስር ቤት መመለስ አለባቸው የሚል አስተያየት ጻፈ። ሥራ የጀመረ፣ ቤት የተከራየ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ልመለስ ይሆን እያለ ኖረ። ዲሴምበር 2021 ያው ቢሮ አስተያየቱን ገለበጠ። በኮሮና ምክንያት ወደ ቤት ከተላኩት ከ11,000 በላይ ሰዎች ውስጥ አዲስ ወንጀል ፈጽመው የተመለሱት 17 መሆናቸውን የቢሮው መረጃ ያሳያል፤ ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ የተመለሱት የክትትል ደንብ በመጣስ ነው።

ሴናተር ዲክ ደርቢንና ሴናተር ቸክ ግራስሊ በወረርሽኝ ጊዜ ጥበቃው ከ30 ወደ 10 ቀን እንዲያጥር ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ሆኖ አልወጣም። አባላቱ የተሟሉለት ኮሚሽን ግን ከኖቬምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ አዲስ መመሪያ አወጣ። በማረሚያ ቤቱ ተላላፊ በሽታ ከገባ ወይም ሊገባ ከተቃረበና ሰውየው በሕመሙ ምክንያት በተለየ ሁኔታ ከተጋለጠ፣ ያ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ቁም እስር ላይ የነበሩ 1,500 ለሚጠጉ ሰዎች ቅጣታቸውን አቃለሉላቸው። እነዚህ ሰዎች እስከዚያ ቀን ድረስ በቢሮው መዝገብ ላይ ታራሚዎች ነበሩ። ከዳኛ ፈቃድ ያገኙት 1,805ቱ ግን የፕሬዚዳንት ፊርማ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።